ጉንጉን ሹራብ ያለ ሱፍ

ጉንጉን ያለው ሹራብ በሱፍ ላይ ያደገ ሥራ ነው። በምዕራብ አየርላንድ ዳርቻ ባሉት የአራን ደሴቶች ስም የሚጠራው ሹራብ ቀለም ካልተነከረ የበግ ሱፍ ይሠራ ነበር። ባለ ነቁጣው የአየርላንድ ዶኒጎል ትዊድ ጨርቅም እንዲሁ ሱፍ ነው። ዛሬ ግን ትዊድ የሚመስል ክር ከጥጥም ከአክሪሊክም ይፈተላል። ይህን ክር ይዞ የአራኑን ንድፍ እንዳለ የሚከተል ሰው ብዙ ጊዜ ያዝናል፤ ጉንጉኑ ይደበዝዛል፣ እጅጌው ይረዝማል፣ ወገቡ ይንዘላዘላል። ብዙዎች ክሩን ይወቅሳሉ፤ እኔ ግን ወቀሳው ለንድፉ ይገባል እላለሁ። ንድፉ የተጻፈው ሱፍ ሳይጠየቅ የሚሠራውን ሥራ ታምኖ ነው። ሱፉ ከሌለ ያንን ሥራ አሠራሩ ሊሸከመው ይገባል።

ነገሩ በጉንጉኑ መሻገሪያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ባለ ስድስት ቀለበት ጉንጉን ሲጠመዘዝ ሦስቱ ቀለበቶች በአጭር መርፌ ተይዘው ከፊት ይቆያሉ፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ ቀድመው ይሠሩና የተያዙት ይከተላሉ። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ቀለበት የሦስት ቀለበት ስፋት ተስቦ ይሻገራል። የሱፍ ጭረት በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ ይለጠጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። ጥጥ እምቢ ይላል። መሻገሪያው መርፌው እስኪጨንቀው ይጠብቃል፣ በጉንጉኑ ግራ ጠርዝ ደግሞ ልቅ ቀለበት አፉን ከፍቶ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት በሁለት ማሻገር፣ በየስድስት ረድፍ የነበረውን ጥምዘዛ በየስምንት ማድረግ፣ ከጉንጉኑ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ግልብጥ ቀለበት ጠበቅ አድርጎ መሳብ ነው። ክብደቱም አለ፦ ጉንጉን ጨርቁን ስለሚሰበስብ ብዙ ክር ይበላል፣ ጥጥ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ያለ ስፌት ከመሥራት ፊትና ጀርባውን ለየብቻ ሠርቶ ትከሻና ጎኑን መስፋት ይሻላል፤ ስፌቱ ጨርቁን ያቆመዋል። አክሪሊክ ቀላል ስለሆነ ከዚህ ያመልጣል ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ጣጣው ሌላ ነው። እንደ ሱፍ ረጥቦና ተወጥሮ ቅርጽ አይይዝም፤ እንፋሎት ሲበዛበት ደግሞ ጉንጉኑ ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ አይነሳም።

ነቁጣውስ? ጉንጉን የሚታየው በጥላው ነው፤ ነጣ ባለ መደብ ላይ የተበተነ ጥቁር ነቁጣ ከዚያ ጥላ ጋር ይሻማል። «እንግዲያው ልሙጥ ክር አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ለጉንጉኑ ብቻ ከሆነ ይሻላል። ነገር ግን ጥጥ እንደ ሱፍ ስለማያብብ የእጅን ዝንፈት ሁሉ ያጋልጣል፣ በተለይ በጉንጉኖቹ መካከል ባለው ግልብጥ መደብ ላይ። ነቁጣው ይህን ይሸፍናል። ነቁጣው ከመደቡ ቀለም ብዙ ያልራቀ ክር ተመርጦ፣ ጥቂት ሰፋፊ ጉንጉኖች በሰፊ ግልብጥ መደብ መካከል ቢቀመጡ ሁለቱም ይታያሉ።

«ይህ ሁሉ ከሚሆን ለምን ሱፍ አይገዛም?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ሱፍ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው አለ፣ በሙቅ ውኃ ሲታሸም ሱፍ ይኮማተራል። ጥጥ አያሞቅም የሚለው ደግሞ ባለ አራት ድርብ ጋቢ ለሚለብስ አገር የሚነገር አይደለም፤ የሚያሞቀው በድርቡ መካከል የታሰረው አየር ነው፣ ጉንጉንም አየር ያስራል። ሲረጥብ ግን ጥጥ ሱፍን አይተካከልም፤ ለዝናብ የሚሆን ሹራብ ከጥጥ አትሥሩ።

ለቀረው፣ ጉንጉን ያለበት ሰፋ ያለ ናሙና ሥሩ፣ ሹራቡ በሚታጠብበት መንገድ እጠቡት፣ ከታች መቆንጠጫ አንጠልጥላችሁ አሳድሩት፣ የቀለበቱን ቁጥር ጠዋት ከምትለኩት ልክ አስሉ። ገና ከመርፌ በወረደ ናሙና ልክ የተሰላ የጥጥ ሹራብ ይረዝማል።