ባለእጆችና አሮጌው ካሜራ፦ ክብሩ ከየት ይመጣል?

ባለእጆችን በአሮጌ ካሜራ ማንሳት ዛሬ በየአገሩ የተለመደ ሆኗል። አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ጫማ ሰፊው ከእንጨት ካሜራ ፊት ይቆማሉ፤ ምስላቸው ጠርዙ ደብዝዞ በጥቁርና ነጭ ይወጣል፤ ተመልካቹም ክብር አየሁ ብሎ ያደንቃል። ይህ አድናቆት ችኩል ነው። አሮጌ ካሜራ ለተነሺው የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው፤ ክብሩ የሚለካው በዚያ ጊዜ በተሠራው ነገር ነው።

ጀርመናዊው ፎቶ አንሺ አውጉስት ዛንደር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ትንሿ የላይካ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ከቀረበች በኋላም እሱ ባለማቆሚያውን ትልቅ ካሜራና የመስታወት ፕሌቱን አልተወም። እንዲህ ባለ ካሜራ ሰውን በድንገት መንጠቅ አይቻልም፤ ተነሺው አቋሙን ራሱ መርጦ መጽናት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1928 ያነሳው ኬክ ሠሪ ይህን በግልጽ ያሳያል። ደልዳላው ሰውዬ ነጭ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ጎድጓዳ ዕቃውንና ማማሰያውን እንደያዘ በማብሰያ ክፍሉ ቆሟል፤ ዓይኑ ወደ ሌንሱ ነው። ሥራውን ለአፍታ ቢያቋርጥም ቦታውን አልለቀቀም፤ እንግዳው ፎቶ አንሺው ነው።

ይሁን እንጂ ዛንደር ሰዎችን በሙያና በማኅበራዊ ደረጃ መድቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስም ያቀርባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ስልሳ ምስሎቹን «የዘመኑ ፊት» በሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ናዚዎች በ1936 የመጽሐፉን የማተሚያ ሰሌዳዎች አወደሙ። በመጽሐፍ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ መወሰን ምን ያህል ፖለቲካ እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሆኖም ምደባው ኬክ ሠሪውን የአንድ ዓይነት ሰው ናሙና ያደርገዋል፤ አቋሙ የሰጠውን የግል ማንነት የምስሉ መግለጫ መልሶ ይወስድበታል።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኧርቪንግ ፔን ሌላ መንገድ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1950 እና 1951 በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ባለሙያዎችን ከነመሣሪያቸው ወደ ስቱዲዮ ጠርቶ ባዶ መጋረጃ ፊት አቆማቸው። ለፋሽን ሞዴሎች የሚሰጠውን የተፈጥሮ ብርሃን ለዓሣ ሻጩም ሰጠ፤ እኩልነቱ እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ መሣሪያው ከሚሠራበት ነገር ተለይቶ ጌጥ ሆነ። ፔን ራሱ እንደተረከው፣ ከኒውዮርክ ተነሺዎች አንዳንዶቹ የሥራ ልብሳቸውን ትተው የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው ነበር። ፕሮጀክቱ ሙያቸውን ሲፈልግ እነሱ ሊታዩ የፈለጉት በሌላ መልክ ነበር። ፔን ምስሎቹን ያነሳው በወቅቱ ዘመናዊ በነበረው የሮሊፍሌክስ ካሜራ ነው፤ ኋላ ላይ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕላቲነም ኅትመት ዘዴ እንደገና አተማቸው። አሮጌነቱ የመጣው ከፎቶ አንሺውና ከተነሺው ግንኙነት ሳይሆን ከወረቀቱ ነው፤ ያም ወረቀት ሠራተኛውን ወደ ሙዚየምና ወደ ሰብሳቢዎች እጅ ወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ የሆነው እርጥብ ኮሎዲዮን የተባለው የፎቶ ዘዴም ዛሬ ባለእጆችን ለማንሳት ተመልሷል። በፕሌቱ ላይ የሚቀባው ቅብ የሚቀበለው በዋናነት ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃንን ስለሆነ ቀይና ቡናማ ቀለም ከእውነታው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል፤ የቆዳ መስመርም ይጎላል። ፊት ላይ «የልፋት ታሪክ» ሆኖ የሚነበበው ጥልቀት በከፊል የኬሚስትሪ ውጤት ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሲነሳ ይህ ማጥቆር ይበረታል፤ ተጨማሪ ብርሃን ካልታሰበለት የፊቱ ዝርዝር ይጠፋል።

ጉዳዩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዛሬም መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ደንበኛ አለው፤ የድር ዋጋ ያሳስበዋል። የደበዘዘና የወየበ ምስል ግን ይህን የዛሬ ነጋዴ የጠፋ ዘመን ቅርስ ያስመስለዋል። ሙያው ሊሞት ነው እያሉ ማዘን ደግሞ ለሥራው ተገቢውን ዋጋ ከመክፈል ይቀላል።

ስለዚህ ሂስ ከካሜራው ዕድሜ በፊት ሌሎች ነገሮችን መጠየቅ አለበት፦ ተነሺው ልብሱንና ቦታውን መረጠ ወይ? ስሙ እንዲጻፍ ከፈለገ ተጻፈ ወይ? ምስሉ ሲሸጥ ድርሻ አለው ወይ? እነዚህ ከተሟሉ በስልክ የተነሳ ፎቶም ባለእጁን ያከብራል፤ ካልተሟሉ ግን የመስታወት ፕሌትና ፕላቲነም የሚያከብሩት ፎቶ አንሺውን ብቻ ነው።