እጅ ያስታወሰው፣ ልብስ የረሳው፦ የድሮ እንግሊዝ ሥሪት ብስክሌቶችና አዳሾቻቸው

ስተርሚ-አርቸር የተባለው ባለሦስት ማርሽ ሞዞ፣ ማለትም የኋላ ጎማው እምብርት፣ ቅርፊቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ታትሞበታል። «ኤ ደብሊው» ሞዴሉ ነው፤ «58» ዓመቱ፣ «3» ወሩ፤ በማርች 1958 በእንግሊዟ ኖቲንግሃም ተሠራ ማለት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አዳሹ ይህን ለማንበብ የአሥርት ዓመታት ቅባትና አቧራ በነጭ ጋዝ ማጠብ አለበት። ካነበበም በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ጎማው በመሐል ተቀይሮ ከሆነ የሞዞው ዕድሜ የብስክሌቱ ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ የቴላዮውን ቁጥር፣ የቀለሙን ዓይነትና የፔዳሉን ሥሪት ከድሮ ካታሎግ ጋር ያመሳክራል። የብራና መርማሪ የጸሐፊውን ማስታወሻ፣ ጥራዙንና የቀለሙን ጠባይ አስተያይቶ የመጽሐፉን ዘመን የሚወስነው በዚሁ መንገድ ነው። በ1955 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመው ቬተራን-ሳይክል ክለብ የየፋብሪካውን ሥራ ለይተው የሚያውቁ አባላት አሉትና ይህ ንባብ ከግል ግምት አልፎ ሥርዓት ይዟል።

እነዚህ ሰዎች አሮጌ ብስክሌት አድሰው፣ ተሰባስበው ሲነዱ የሚያስታውሱት ማንን ነው? እኔ የማየው እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ትዝታዎችን ነው። ጋራዥ ውስጥ እጃቸው የፋብሪካ ሠራተኛውን ያስታውሳል፤ ጎዳና ላይ ልብሳቸው ጌታውን ያስታውሳል።

ከእጁ ልጀምር። በድሮዎቹ ብስክሌቶች የፔዳሉ ክንድ ከፔርኖው ጋር የሚታሰረው በብረት ሽብልቅ ነው። ድጋፍ ሳይደረግለት በመዶሻ የተመታ ሽብልቅ ጫፉ ይጣመማል፤ ከተጣመመ ደግሞ አልወጣም ይላል፤ ምቱም ኩሽኔታውን ይጎዳል። ልምድ ያለው ሰው በመጭመቂያ ይገፋዋል፣ ወይም ክንዱን ከሥር በወፍራም ቱቦ ደግፎ አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር አድርጎ ይመታል። ራሌይ የተባለው የኖቲንግሃም ብስክሌት ፋብሪካ ደግሞ የራሱ አመል ነበረው። ሌሎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በፔርኖው ማቀፊያ ላይ ለአንድ ኢንች 24 ጥርስ ሲያወጡ እሱ 26 ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ የሌላ ፋብሪካ መለዋወጫ አይገባለትም። ቡሎኖቹ ብዙ ጊዜ በሚሊሜትር ቁልፍ አይያዙም። ሞዞው ሲፈታ መሐል ፔርኖው ላይ የማይዞር ባለ 20 ጥርስ ማርሽ አለ፤ በዙሪያው አራት ትናንሽ ማርሾች፣ ከውጭ ባለ 60 ጥርስ ቀለበት። ኃይሉ በቀለበቱ ገብቶ በትናንሾቹ ማርሾች ተሸካሚ በኩል ሲወጣ ፍጥነቱ በሩብ ይቀንሳል፤ መንገዱ ሲገለበጥ በሲሶ ይጨምራል። ለዚህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት የዘይት ጠብታ ነው። ፈትቶ የገጠመው ሰው፣ በገበታው ፊት ቆሞ መጀመሪያ የገጠመው ሠራተኛ የትኛውን ክፍል አስቀድሞ ያነሣ እንደነበር ያውቃል። ይህን ዓይነት ዕውቀት የሙዚየም መስታወት አይሰጥም።

በሞዞው ላይ ያለው ስም እንኳ ሙሉውን አይናገርም። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ባለሦስት ማርሽ ሞዞ የሄንሪ ስተርሚንና የጄምስ አርቸርን ስም ይዞ ቀረ፤ ንድፉ ግን በዋናነት የዊልያም ራይሊ ነበር። ራይሊ ባለሁለት ማርሽ ሞዞ ከሚሠራ ኩባንያ ጋር ውል ስለነበረው ፓተንቱ በአርቸር ስም ወጣ። ነገሩን አጥርቶ ለአንባቢ ያቀረበው የብስክሌት ታሪክ ጸሐፊው ቶኒ ሃድላንድ ነው። የብስክሌት ወዳጆች ማኅበራት ሌላ ምንም ባይሠሩ እንኳ እንዲህ ያለውን ምርመራ ማሳደጋቸው ብቻ ያስመሰግናቸዋል።

አሁን ወደ ልብሱ። በ2009 ለንደን ላይ የተጀመረው ትዊድ ረን የተባለ የብስክሌት ጉዞ ተሳታፊውን የሱፍ ኮትና ከጉልበት በታች የሚታሰር ሱሪ አስለብሶ፣ ሻይ እያጠጣ ከተማዋን ያዞራል። አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታና በዊስኮንሲን መካከል ባለው የፔፒን ሐይቅ ዙሪያ በየዓመቱ የሚደረገው የባለሦስት ማርሽ ጉዞም መንገድ ዳር ምድጃ ተለኩሶ ሻይ የሚፈላበት ነው። ቀልድ አለበት፤ ብዙዎቹም በራሳቸው ይስቃሉ። ነገር ግን ቀልድም ይመርጣል። የራሌይን ጥቁር ብስክሌት በብዛት የነዱት የማዕድን ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ፖስተኛና ፖሊስ ነበሩ። በ1958 የታተመውን «ቅዳሜ ሌሊትና እሑድ ጧት» የተሰኘ ልብ ወለድ የጻፈው አለን ሲሊቶ ልጅ ሳለ የሠራው በዚሁ ፋብሪካ ነበር፤ በ1960 የወጣው ፊልምም እዚያው ተቀርጿል። የሲሊቶ ባለታሪክ በቱታ ነው የሚታወሰው፤ በሱፍ ኮት ሻይ የሚጠጣ ጌታ አይደለም። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ጥቁር ሠራተኞችን አልቀጥርም ይል እንደነበርና የጃማይካው መሪ ኖርማን ማንሊ የራሌይ ብስክሌት ወደ አገሬ አይገባም ብሎ ካስፈራራ በኋላ በሩን እንደከፈተ የኖቲንግሃም ካሪቢያውያን ያስታውሳሉ። ለዚህ ትዝታ የሚሆን የበዓል ልብስ እስካሁን አልተሰፋም።

የአሜሪካኖቹ ነገር ደግሞ ትንሽ ይለያል። እነዚህ ብስክሌቶች ወደዚያ የጎረፉት እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዶላር ስለጠማትና በ1949 የፓውንድን ዋጋ ስለቀነሰች ነው፤ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የብስክሌት ቀረጡን የጨመረው የአገሩን አምራቾች ጩኸት ሰምቶ ነበር። በሐይቁ ዳር የሚፈላው ሻይ እንግዲህ የእንግሊዝ ትዝታ ሳይሆን የአንድ ርካሽ ሸቀጥ ትዝታ ነው። ይህን ስል ሻዩን መንቀፌ አይደለም።

አዳሾቹን አጥብቆ የሚከፋፍላቸው ግን ቀለም ነው። አንዱ ወገን ዝገቱን አራግፎ እንደ አዲስ ይቀባል፤ ሌላው የተቦጨቀውን ቀለም ጠርጎ፣ ዘይት አልብሶ ይተወዋል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ አዲስ ቀለም የፋብሪካውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የነጂውንም ዕድሜ ይሸፍናል። ቸርኬ ላይ ሲደርስ ግን አልጸናም። በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬ በዝናብ ጊዜ ፍሬን አይዝለትም፤ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በአሉሚኒየም ቢተካው ሃይማኖት አልካደም። ብስክሌቱ ሥራ ላይ ሳለም ሲጠገንና ሲቀየር ነው የኖረው።

የኖቲንግሃሙ ፋብሪካ በ2002 መጨረሻ ብስክሌት መገጣጠም አቆመ፤ ከቦታው አብዛኛው ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ነው። ስተርሚ-አርቸር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ለታይዋን ኩባንያ ተሽጧል። የብስክሌቱ ቅርጽ ግን አልሞተም። በ1949 ሕንድ ውስጥ ማድራስ ላይ በእንግሊዝ ሽርክና የተቋቋመው ፋብሪካ ሄርኩለስ የተባለውን ብስክሌት ሲያመርት ቆየ፤ የቻይናው «በራሪ ርግብ» ብስክሌትም የተቀዳው ከራሌይ ሞዴል ነው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቀጥ ያለ ጥቁር ቅርጽ ለመለየት ኖቲንግሃም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ዛሬ ባለ 28 ኢንች ጎማ ያለውን፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳበውን ራሌይ የሚያድስ እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ጎማውንና የፍሬን ላስቲኩን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሕንድ ነው። እዚያ መንገድ ዳር ያንኑ ሽብልቅ በየቀኑ የሚያወጣው ሰው አዳሽ አይባልም፤ ጠጋኝ ነው የሚባለው፤ የማኅበራቱም ጽሑፍ ስለ እሱ የሚለው ጥቂት ነው።