ስለ አሞኒያ አሠራር በሚጻፉ ትርጉሞች የ«ሙቀት»ና የ«ሚዛን» አጠቃቀም

የሳይንሳዊ ቃል ብቃት የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ዐምድ ሳይሆን ምክንያትንና ውጤትን በሚያያይዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ለዚህ ፈተና የአሞኒያ አሠራር ተስማሚ ነው። ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 በካርልስሩኸ በቤተ ሙከራ ያሳየው፣ ካርል ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1913 በኦፓው ለፋብሪካ ያበቃው ይህ ዘዴ አንድ እጅ ናይትሮጅንን ከሦስት እጅ ሃይድሮጅን ጋር ያዋሕዳል። ከአራቱ እጅ ጋዝ የሚገኘው አሞኒያ ሁለት እጅ ብቻ ስለሆነ ከፍተኛ ግፊት ምርቱን ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ ተርጓሚው አይቸገርም።

ችግሩ የሚጀምረው «ሙቀት» ላይ ሲደረስ ነው። «አጸግብሮቱ ሙቀት ስለሚሰጥ ሙቀት ሲጨምር ምርቱ ይቀንሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአንባቢ እንቆቅልሽ ይሆናል። ፊተኛው የሚለቀቀውን ጉልበት፣ ኋለኛው በቴርሞሜትር የሚለካውን ደረጃ ያመለክታልና። ለሁለተኛው «መጠነ ሙቀት» የሚል ቃል እያለን ሁለቱን መደባለቅ የቋንቋ ድህነት ሳይሆን የጥንቃቄ ጉድለት ነው።

«ሚዛን»ም ጥንቃቄ ይሻል። የገበያ ሚዛን ሲስተካከል ይቆማል፤ በአጸግብሮት ግን አሞኒያ መሠራቱም መፍረሱም በእኩል ፍጥነት ይቀጥላል። «ተንቀሳቃሽ ሚዛን» ቢባል ደግሞ ከቦታ ቦታ የሚወሰደውን ዕቃ ያስታውሳል። ስለዚህ «የአጸግብሮት ሚዛን» ብሎ፣ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ማብራራት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የብረቱን ካታሊስት «ምርት አብዢ» አድርጎ ማቅረብ ነው። ካታሊስት የሁለቱንም አቅጣጫ ፍጥነት ያፋጥናል እንጂ ሚዛኑን አያዘነብልም። «ቀስቃሽ» ቢባል አስጀምሮ የሚተው ይመስላል፤ «አፋጣኝ»ም አስቸኳይ ከሚለው ፍቺ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የውጭውን ቃል እንዳለ መያዝ ይመረጣል።

እነዚህ ቃላት ሲለዩ የፋብሪካው ምርጫ ግልጽ ይሆናል። ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት በሚዛኑ ላይ ብዙ አሞኒያ ያስገኛል፤ ነገር ግን አጸግብሮቱ እጅግ ይዘገያል። ስለሆነም ካታሊስት ቢኖርም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሠራል። ግፊቱም የመሣሪያውና የመጭመቂያው ወጪ ስለሚገድበው ብዙውን ጊዜ 200 አትሞስፌር አካባቢ ነው። በአንድ ዙር የሚለወጠው 15 በመቶ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ አሞኒያው በማቀዝቀዝ ፈሳሽ ሆኖ ሲወጣ የተረፈው ጋዝ ተመልሶ ይገባል።

ተማሪው ትርጉሙን አንብቦ «ለምን 450 እንጂ 200 ዲግሪ አልሆነም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካጣ፣ የደረሰው አኀዙ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ በትርጉሙ መካከል ጠፍቷል።