ስንት ፈረስ አላት?

መኪና የገዛ ሰው ከ«እንኳን ደስ ያለህ» ቀጥሎ የሚጠየቀው «ስንት ፈረስ አላት?» ተብሎ ነው። ድሮ ጥያቄው «ስንት ሰው ትጭናለች?» ነበር። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ፤ አልዋሽም።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከደብረ ታቦር ደወለልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ሞኖብሎክ አግኝቻለሁ። ትልቅ ተርቦ ገጥሜባት ሦስት መቶ ፈረስ ላወጣላት ነው!» አለኝ። ያስደነገጠችኝ «ሌላ» የምትለዋ ቃል ናት። የፊተኛውን አውቀዋለሁና።

በ2011 ዓ.ም ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ስንመለስ ነው። መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ መካኒኮቹ «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት የናፍጣ ሞተር ያላት። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ተርቦ የለውም። ልጁ ተርቦ አስገጠመላት። ሞኖብሎኩም የራሷ አልነበረም፤ ያገለገለ፣ ብርማ ቀለም ተቀብቶ አዲስ መስሎ የተሸጠለት ነው። ዳገቱን ስትበረው «ይቺማ ንሥር ናት» ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ።

የጣራ ገዳም ጫካ ታየን፤ ወደ አዲስ ዘመን ቁልቁል ጀመርን። ከኋላ ነጭ ጭስ ተግተለተለና ሞተሩ ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ መኪና ሞተሩ ሲሞት መሪው ድንጋይ ይሆናል። ፍሬኑን የሚያግዘው ፓምፕም አብሮ ስለሚቆም፣ አንድ ሁለት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ፔዳሉ አልታዘዝ ይላል። ከኋላ ስድስት ሰው ነበር፤ አንዷ አክስቴ ናት፣ ጸበል በጀሪካን ይዛ። ልጁ በሁለት እግሩ ፍሬኑ ላይ ቆሞ ከመንገድ ዳር የአፈር ክምር ላይ አስደገፋት። ማንም አልተጎዳም። የሞተሩን ዘይት ስናየው ግን ወተት የገባበት ቡና መስሏል፤ ውሃ ገብቶበታል። በኋላ ሲፈታ ሞኖብሎኩ ተሰንጥቆ ተገኘ። ስንጥቁም የዚያን ቀን አልነበረም። አስቀድሞ በብየዳ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶበት ኖሯል።

ያን ጊዜ ሁሉም ተርቦውን ረገመ። እኔ አልረግመውም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው 130 ፈረስ እኛ ጋ ሲደርስ ወደ መቶ ይወርዳል። ተርቦ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ አየር አጭቆ ያስገባል፤ የጎደለውን ሩብ ቢመልስልን እሰየው ነው። ከዚያ አልፎ «ጉልበቷን እጥፍ እናድርገው» ሲባል ግን ነገሩ ከተርቦው ወደ ሞኖብሎኩ ይዞራል። ሲሊንደር ውስጥ የሚነሣው ፍንዳታ ቴስታታውን ወደ ላይ፣ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል፤ ሁለቱንም ጨብጦ የሚቆየው ሞኖብሎኩ ነው።

(ሞኖብሎክ፣ ቴስታታ፣ ብሮንዚና እያልን ጋራዥ ውስጥ ጣልያንኛ ስናወራ እንውላለን። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ቀረ።)

ወጣቶቹ በቪዲዮ እያዩ የሚምሉበት «ቱ ጄ ዜድ» የሚባል የቶዮታ ቤንዚን ሞተር አለ። ሦስት ሊትር ነው፤ ተርቦ ያለው ዓይነት ጃፓን ውስጥ 280 ፈረስ ተብሎ ይሸጥ ነበር። ብዙዎች ሞኖብሎኩን ሳይለውጡ ከዚያ እጥፍ በላይ አውጥተውበታል። ሰው የሚያወራው ስለ ፈረሱ ብቻ ነው። ሞኖብሎኩ ወፍራም የብረት ቀልጦ መሆኑን፣ ክራንክ ሻፍቱን በሰባት ቦታ መያዙን፣ ከፒስተኑ ሥር ዘይት እየረጨ እንደሚያቀዘቅዘው የሚያነሣ የለም። ፋብሪካው ገና ሲቀርጸው ተርቦን አስቦ ነው። የእኛ ዋን ኤች ዜድ ግን ያለ ተርቦ እንዲኖር የተሠራ፣ አየሩን 22 ለ1 ገደማ የሚያምቅ ታታሪ ገበሬ ነው። ለጉልበት የሚመረጠው ዘመዱ «ዋን ኤች ዲ ቲ» ነው፤ ከፋብሪካው ከነተርቦው የወጣ፣ እመቃውም ዝቅ ያለ። ልጁ ይህን ቢጠይቅ ኖሮ የሚነግረው መካኒክ አይጠፋም ነበር።

ስለ ቀልጦ ብረት ከተነሣ የደብረ ታቦር ሰው ጋፋትን ሳይጠራ አያልፍም። ሴባስቶፖል የተቀለጠው እዚያው አጠገባችን ነው፤ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ግዝፈቱን እንደ ውዳሴ እንደግመዋለን። አፄ ቴዎድሮስ ግን በጥቅምት 1860 ዓ.ም ከደብረ ታቦር ሲነሡ ጋሪ አሠርተው፣ ገደሉን አስንደው፣ መንገድ እየጠረጉ ነው የሄዱት። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ያን ክብደት ምን እንደሚሸከመው ጠይቀዋል ማለት ነው።

እኛ ለመጠየቅ ዛሬ የባሰ ምክንያት አለን። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለችው አሮጌ መኪና ሞተር እየተቀየረላት ትኖራለች እንጂ ምን ታደርግ። ያገለገለ ሞኖብሎክ ሻጭም ቀለሙን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሻጩን ብቻ አልወቅስም፤ ጋራዡ ሳይለካ ይገጥማል፣ ገዢውም ቀለም አይቶ ይከፍላል። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይለካል። ስንጥቅ በግፊት ይፈተሻል። ከሁሉ በፊት ግን ስንት ጊዜ ሬክቲፊካ እንደገባ ይጠየቃል። ሲሊንደሩ ተፍቆ በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፤ የሳሳ ግድግዳ ለዝግታ ጉዞ ይበቃ ይሆናል፣ ለትልቅ ተርቦ ግን አይሆንም።

ውሃውም አለ። ራዲያተር በጎደለ ቁጥር ከርብ ወንዝ በጀሪካን እየቀዳን እንሞላለን፤ ሞኖብሎኩ ከውስጥ በዝገት ይበላል። ደብረ ታቦር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ሽንብራ አልበስል ብሏት የምትማረር ሴት ታውቀዋለች። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ሞተሩም እንደዚያ ድስት ነው። ይህን ክዳን ግን በላስቲክ ጠቅልለን እንነዳለን።

ለአክስቴ ልጅ ስለ ፈረሱ አንድም ቃል አልመለስኩለትም። «ስንት ጊዜ ሬክቲፊካ ገብቷል?» አልኩት። ዝም አለ። «ሻጩን ልጠይቀው» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ደወለ። ሻጩ «እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» ብሎታል። ቀብድ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ፤ ባሕር ዳር ወስዶ ያስለካው፣ የማስለኪያውን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ። አክስቴ ከኋላ ሆና «ፍሬኑንስ ጠየቅኸው?» ስትለው ሰማኋት።