ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት፦ የሮዋን አትኪንሰን ቃልና ዝምታ

እንግሊዛዊው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን በዓለም ዙሪያ የታወቀው እምብዛም በማይናገረው ገጸ ባሕርይ፣ በ«ሚስተር ቢን» አማካይነት በመሆኑ፣ ሙያው በጠቅላላ የፊትና የአካል ቧልት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አስተያየት የተዋናዩን ግማሽ ብቻ ያያል። የሚስተር ቢን ዝምታ የመነጨው ቃልን አጥርቶ ከሚያውቅ የመድረክ ባለሙያ ሲሆን፣ ይኸው ዝምታ በቴሌቪዥን ደምቆ በሲኒማ የደበዘዘበትም ምክንያት ከመድረክ ሥሩ ጋር የተያያዘ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አትኪንሰን በ1955 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ኮንሴት ተወልዶ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አጠና፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ኦክስፎርድ በገባበት ወቅትም የወደፊት የሥራ ባልደረቦቹን፣ ጸሐፊውን ሪቻርድ ከርቲስንና የሙዚቃ ደራሲውን ሃዋርድ ጉድዎልን አገኘ። ሦስቱም የተገሩበት «ሪቪው» በታሪክ የማይያያዙ አጫጭር ጭውውቶችንና ዘፈኖችን በአንድ ምሽት የሚያቀርብ የመድረክ ትርኢት ሲሆን፣ ተዋናዩ ገጸ ባሕርዩን ቀስ በቀስ ለማስተዋወቅ ጊዜ ስለማያገኝ በአቋቋሙና በመጀመሪያው ቃሉ ማንነቱን ማሳወቅ ይኖርበታል። በ1979 ባቀረበው አንድ ጭውውት አትኪንሰን የተማሪዎችን ስም የሚጠራ መምህር ሆኖ ሲተውን በመድረኩ ላይ አንድም ተማሪ የለም፤ ያለው ስሞቹን የሚረግጥበት ድምፅና በመካከላቸው የሚያሳርፈው ፋታ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ተመልካቹ የሌሉትን ልጆች እያንዳንዳቸውን ያያቸዋል። ተዋናዩ እንደሚንተባተብና ሌላ ሰው ሆኖ ሲተውን ግን ችግሩ እንደሚለቀው ራሱ መናገሩ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠውን ያልተለመደ ክብደት ለመረዳት ይረዳል።

ይህ የቃል ጥራት ጫፍ ላይ የደረሰው ከ1983 እስከ 1989 በቢቢሲ በአራት ተከታታዮች በተላለፈው የቧልት ድራማ፣ በ«ብላክአደር» ነው። የመጀመሪያው ተከታታይ በሰፊ መስክ ላይ የተቀረጸ፣ ገጸ ባሕርዩንም ሞኝ ያደረገ ነበር፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ቤን ኤልተን ከከርቲስ ጋር መጻፍ ሲጀምርና ቀረጻው ወጪ ለመቆጠብ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ፣ ብላክአደር ምላሱ የተሳለ ብልህ ሰው ሆነ። ጠባቡ ስቱዲዮና ፊት ለፊት የተቀመጠው ታዳሚ ለአትኪንሰን የመድረኩን ሁኔታ መልሰውለታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንደኛውን የዓለም ጦርነት የሚተርከው አራተኛው ተከታታይ ሲያበቃ ወታደሮቹ ከምሽጋቸው ወጥተው ወደ ሞት ይሄዳሉ፤ ስድስት ክፍል ሙሉ በስላቅ የኖረው ድምፅ በዚያ ቅጽበት ያለ አንዳች ቧልት መናገሩ የተዋናዩን ልክ ያሳያል።

ያ የመጨረሻ ክፍል የተላለፈው በኖቬምበር 1989 ሲሆን፣ የ«ሚስተር ቢን» የመጀመሪያ ክፍል በአይቲቪ የታየው ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ነው። በሁለት ወር ልዩነት አንዱ ተዋናይ ከቃል ወደ ዝምታ የተሻገረ ቢመስልም ገጸ ባሕርዩ ቀድሞ በመድረክ የተፈተነ ነበር፤ አትኪንሰን በ1987 በሞንትሪያል የኮሜዲ ፌስቲቫል ሚስተር ቢንን ሆን ብሎ በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፊት ያቀረበው፣ ቀልዱ ያለ ቋንቋ ድጋፍ መቆም አለመቆሙን ለማየት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቢን በባሕር ዳርቻ ሱሪውን ሳያወልቅ የዋና ቁምጣ ለመልበስ ሲታገል፣ ሳቁን የሚያመጣው አንድ ሐሳብ በእርጋታ እስከ መጨረሻው መሠራቱ ነው። ካሜራው መላ አካሉን እያሳየ ጣልቃ ሳይገባ ስለሚጠብቀው፣ ቴሌቪዥኑ በዚህ ቦታ መድረክ ሆኖ ያገለግላል።

ሲኒማው ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሜል ስሚዝ ያዘጋጀው የ1997ቱ «ቢን» ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ታሪክ ለመሸከም ሲል ገጸ ባሕርዩን በአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ችግር ውስጥ አስገብቶ ንግግር እንዲያደርግ አስገድዶታል፤ ከየትም የመጣ የማይመስለው ሰው በድንገት አስተያየት ያለው ሰው ሲሆን ምሥጢሩ ይሳሳል። የ2007ቱ «የሚስተር ቢን ዕረፍት» ቋንቋውን ወደማያውቀው ፈረንሳይ ስለላከው ለዝምታው ተፈጥሯዊ ምክንያት ሰጥቶታል፤ አትኪንሰን አጥብቆ ለሚያደንቀው ለፈረንሳዊው የፊልም ሰው ለጃክ ታቲም ግልጽ ውለታ ይመልሳል። ከሁለቱ የተሻለው ይህ ነው። በስለላ ፊልሞች ላይ የሚያፌዙት ሦስቱ «ጆኒ ኢንግሊሽ» ፊልሞች ለዚህ ዳሰሳ የሚጨምሩት ጥቂት ነው።

በኋለኛው ዘመን አትኪንሰን ዝምታውን ከቧልት ለይቶ ተጠቅሞበታል። በ2013 በለንደን መድረክ በሳይመን ግሬይ ተውኔት ብቸኛውን መምህር ኳርተርሜይንን፣ በ2016 እና በ2017 ደግሞ በቴሌቪዥን መርማሪውን ሜግሬን ሲጫወት፣ ሳቅ ያስነሣ የነበረው ፋታ የብቸኝነትና የማዳመጥ ፋታ ሆኗል። ስለዚህ ሙያውን በትክክል ሊመዝን የሚሻ አንባቢ ከፊልሞቹ በፊት የ«ብላክአደር»ን መጨረሻና የ«ሚስተር ቢን»ን መጀመሪያ በተከታታይ ይመልከት።