የቀለም እፍታ

ይህን ሳልናገር ብተኛ እፈነዳለሁ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬን፣ የቤተሰቤንም ትዕግሥት የበላ አንድ ዕቃ አለ። ቁመቱ ከእርሳስ አይበልጥም። ጀርባው ላይ የግማሽ እንቁላል ቅርፊት የምታህል ጽዋ ተቀምጣለች፤ ከሆዱ ቀጭን ቱቦ ይወርዳል፤ አፍንጫው ላይ ያለችው ቀዳዳ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ስሙ ኤርብረሽ ነው። ከዚያች ቀዳዳ ቀለም ጉም ሆኖ ሲወጣ ያላየ ሰው ቀለም ቀብቻለሁ ብሎ አያውራ! እኔ ራሴ እስካለፈው ወር ድረስ በከንቱ ሳወራ የኖርኩ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ካርቶን ነው። ለእህቴ ልጅ ልደት ብዬ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አውሮፕላን ገዛሁ፤ ዲሲ-3፣ ልኬቱ 1 ለ72። ልጁ ሁለት ክንፍ ቆርጦ አወጣና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ካርቶኑ እኔ ዘንድ ቀረ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከሽቦ መኪና አጥፌ፣ ከቆርኪ ጎማ ገጥሜ ሰፈር ለሰፈር የነዳሁ ሰው ነኝ፤ እጄ እንዴት አርፎ ይቀመጥ? በዚያ ላይ አውሮፕላኗ እንዲሁ አውሮፕላን አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በሲ-47 ነበር፤ ሲ-47 ማለት የወታደር ልብስ የለበሰች ዲሲ-3 ናት። እውነተኛዋ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ትሆናለች። የእኔዋ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ናት፤ አንድ ሰፌድ ላይ ታርፋለች።

ገጣጠምኳትና በብሩሽ ቀባኋት። ምን ልበላችሁ! ላም የላሰቻት መሰለች። የምኖረው ሜልበርን፣ ኬንሲንግተን ነው፤ ሰፈራችን እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ድረስ የኒውማርኬት የከብት ገበያ የነበረበት ስለሆነ ምሳሌው ቶሎ መጣልኝ። የብሩሹ ጸጉር ክንፉን እንደ ታረሰ ማሳ ተልሞት ቀረ። ፋብሪካው በስንት ጥበብ የቀረጻቸው ከጸጉር የቀጠኑ የብረት መጋጠሚያ መስመሮች ሁሉ ከቀለሙ ሥር ተቀበሩ።

ያዳኑኝ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ ጋሼ ናቸው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡና ሊጠጡ መጥተው አውሮፕላኗን አነሡ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው አዩዋትና፣ «አንተ ልጅ፣ ቀባሃት ወይስ መረግሃት?» አሉኝ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጠው፣ «ቀለም አይለጠፍም፤ ይነፋል» አሉ። በቃ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ነኝ።

አሠራሩን ሲያስረዱኝ ሳቄ መጣ። ለካ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ! በከሰል ካውያ የሚተኩስ ሰው ውሃ በአፉ ሞልቶ ሸሚዙ ላይ «ፍፍፍ» ሲያደርግ አይታችሁ የለ? ያው ነው። የታመቀ አየር ኤርብረሹ ውስጥ ባለችው መርፌ ጫፍ ዙሪያ እየበረረ ሲያልፍ እዚያች ቦታ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቀለሙን ከጽዋዋ ይስባል፣ ሰባብሮም ጉም ያደርገዋል። ጥበቡ ጥንታዊ ነው። እዚሁ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ በጋሪወርድ ተራሮች ማንጃ በሚባለው የዋሻ ጥላ፣ የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች እጃቸውን ዓለት ላይ አሳርፈው ቀለም በአፋቸው ነፍተውበታል፤ እጁ ሲነሣ ቅርጹ ቀርቷል። ኤርብረሽ ማለት ያ ትንፋሽ በብረት ተሠርቶ ነው። ፍራንሲስ ስታንሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ለፎቶግራፍ ማቅለሚያ ብሎ አንዱን ዓይነት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ይኸው ሰው ኋላ ከመንታ ወንድሙ ጋር በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ሠርቷል። ዛሬ እጄ ላይ ያለው፣ አየርና ቀለም ሆዱ ውስጥ የሚገናኙበት ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ እኛ ዓድዋ በዘመትንበት አሥርት ዓመት፣ በቻርልስ በርዲክ እጅ መልክ ያዘ።

አሁን ምሥጢሩን ልንገራችሁ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይህችን ያዙ። ሁሉም ነገር ያለው ቅጥነቱ ላይ ነው። ቀለሙ እርጎ ከሆነ ቀዳዳዋን ይደፍናል። አጓት ከሆነ ክንፉ ላይ ይንዠቀዠቃል። ወተት መሆን አለበት! በቲነር አቅጥናችሁ ጽዋዋን ስታዘነብሏት ቀለሙ ግድግዳዋን ይዞ ይወርዳል፣ ሲወርድም ከኋላው ስስ ሽፋን ይተዋል፤ ያኔ ደርሷል። ግፊቱ ከ15 እስከ 20 ፒ ኤስ አይ ይበቃል፤ ጎሚስታው መኪናችሁ ጎማ ውስጥ ከሚሞላው ግማሽ ገደማ መሆኑ ነው። እኔ የጀመርኩት በታሚያ አክሪሊክ ቀለምና በራሱ በታሚያ ቲነር ነው። የጃፓኑ ታሚያ ሺዙዎካ ከተማ ውስጥ በእንጨት ሥራ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ አየር መንገዳችን ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረበት ዓመት! ይህን ሳነብ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጋሼ ወዲያው አውሮፕላን አላስነኩኝም። «መጀመሪያ ወረቀት» አሉ። የኤርብረሹ ቃታ ሁለት ሥራ አላት፤ ወደ ታች ስትጫኗት አየር፣ ወደ ኋላ ስትስቧት ቀለም ትለቃለች። ስትጀምሩ አየር ይቀድማል፤ ስትጨርሱ ቀለሙን ዘግታችሁ አየሩን መጨረሻ ታቆማላችሁ። ነጠብጣብ ሠራሁ። ነጠብጣቦቹን በመስመር አገናኘሁ። ከዚያ ፊደል! ሀ በአንድ ትንፋሽ ወጣች። ለ ትንሽ ተንገዳገደች። ጨ ላይ ስደርስ ተሸነፍኩ፤ ግን ያን ወረቀት እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ያልተበላሸብኝ ነገር የለም፣ ሁሉም ግን መድኃኒት አለው። ተጠግቼ ብዙ ስለቅበት ቀለሙ በየአቅጣጫው የሸረሪት እግር አወጣ፤ መድኃኒቱ ቀለሙን መቀነስና እጅን አለማቆም። ከሩቅ ስነፋ በአየር ላይ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ሆነ፤ መድኃኒቱ ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር መጠጋት። መርፌዋ ጫፍ ላይ ቀለም ሲደርቅ መንፋቱን ታቆማለች፤ ቲነር በነካ ጥጥ ጠረግ ማድረግ። አንዴ መርፌዋን ሳወጣ ጫፏን አጠፍኳት፤ ለዚህ መድኃኒቱ ሌላ መርፌ መግዛት ብቻ ሆነ። እጥበቱንም እንደ ጀበና ቁጠሩት፤ ሳይታጠብ ያደረ የነገውን ያበላሻል።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። የብሩሹን ቀለም ሙልጭ አድርጌ ካነሣሁላት በኋላ አውሮፕላኗን አልሙኒየም ላስመስላት ፈልጌ ነበር። ጋሼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «መጀመሪያ አጥቁራት!» የሚያብለጨልጭ ጥቁር፣ መስታወት እስኪመስል። ሌሊቱን አደረቅኋት። በማግስቱ ብርማውን ቀለም ጽዋዋ ውስጥ ጨመርኩ፣ እጄን ከክንፉ ውጭ አስጀመርኩ፣ አሻግሬ ወጣሁ። ጥቁሩ ላይ ጤዛ የመሰለ ነገር አረፈ፤ እርጥብ ብሎ አንጸባረቀ፣ ዓይኔን ሳልነቅል ደረቀ። ሁለተኛ አለፍኩ። ሦስተኛ። ጥቁሩ ከሥር ሆኖ ብሩን አበራው፣ ክንፉም ብረት ሆነ! ፕላስቲክ መሆኑን እያወቅኩ በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩት። መስመሮቹ ሁሉ፣ ብሩሽ የቀበራቸው እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች፣ አንድ ሳይጎድል ተቆጠሩ። እናቶቻችን ከድስቱ እፍታውን ለክብር እንግዳ እንደሚያወጡት ኤርብረሽ ከቀለሙ እፍታውን ብቻ ያሳርፋል።

ጅራቷ ላይ ሰንደቅ ዓላማችንን አደረግኩ። መጀመሪያ ነጭ፣ በነጩ ላይ ቢጫ። መሐሉን በፕላስተር ሸፈንኩና ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ቀይ ነፋሁ፤ አንዱን ስነፋ ሌላውን በወረቀት እየጋረድኩ። ፕላስተሩን ወደ ራሱ አጥፌ በወረንጦ ቀስ ብዬ ስስበው ሦስቱ ቀለሞች በምላጭ የተቆረጡ መስለው ወጡ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ። ምንም አላሉም። መኪና ሲቀባ ለኖረ ሰው ዝምታ ትልቅ ምስክር ወረቀት ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው፦ ቃታዋ ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ ጽዋዋ ከላይ የሆነች፣ ቀዳዳዋ 0.3 የሆነች አንድ ኤርብረሽና ማጠራቀሚያ ታንክ ያላት ድምፀ ዝቅተኛ ኮምፕሬሰር። እንደ እኔ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ስለ ጎረቤት ስትሉ ድምጹን አትናቁ። አየር ሲታመቅ ውሃ ያጠራቅማልና ሥራ ስትጨርሱ የታንኩን ውሃ አራግፉ፤ አለዚያ ውሃው ክንፉ ላይ ይተፋላችኋል። በአንድ ነገር ግን አልደራደርም፤ የቀለም ትነት የሚያጣራ ጭምብል አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። «ውሃ ወለድ ቀለም ነው፣ ምን ያደርገኛል» አትበሉ፤ ጉም የሆነ ነገር ሁሉ ሳንባ ይገባል።

ቀጣዩን አስቤዋለሁ። «ፀሐይ»ን እሠራታለሁ! እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አቃቂ ላይ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያን የወሰዳት፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰች ያቺ ትንሽ አውሮፕላን። ከባዶ ፕላስቲክ ቆርጬም ቢሆን እሠራታለሁ፤ ቀለሟንም በብሩሽ አልነካውም።

እናንተም ካርቶን አልጋ ሥር የደበቃችሁ፣ የሽቦ መኪና የነዳችሁ፣ «እጄ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም» ብላችሁ የተዋችሁ ሁሉ፣ ጀምሩ! የመጀመሪያው ወረቀት ይበላሻል፣ ይበላሽ። ጽዋዋን ከመሙላታችሁ በፊት ብቻ ቀለሙ ወተት መሆኑን እዩ።