የኢሳክ ደ ባንኮሌ ዝምታ እና ንግግር

ስለ አይቮሪኮስታዊው ተዋናይ ኢሳክ ደ ባንኮሌ የሚጻፈው ጥቂት ነው። ከጥቂቱም አብዛኛው ዝምታውን ያወድሳል፤ ፊቱ፣ ቁመናው፣ ከአንደበቱ ቀድሞ የሚናገረው ዐይኑ ይነሣል። ውዳሴው ሐሰት ባይሆንም ተዋናዩን በአንድ ጠባይ ያጥረዋል፤ የትኛው ፊልሙ ይበልጣል ለሚለው ክርክርም መልሱን አስቀድሞ ይወስናል። መለኪያው ዝምታ ከሆነ የሚፎካከሩት ሁለት ፊልሞች ናቸው፦ የክሌር ደኒ «ሾኮላ» (እ.ኤ.አ. 1988) እና የጂም ጃርሙሽ «ዘ ሊሚትስ ኦፍ ኮንትሮል» (2009)። በእኔ ግምት ግን ቀዳሚነቱ የሚገባው ብዙዎች ላላዩት ለሌላው የደኒ ፊልም፣ ለ«ሳን ፉ ላ ሞር» (1990) ነው።

«ሾኮላ»ን የሚያስቀድሙ ወገኖች ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ታሪኩ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በሰሜን ካሜሩን፣ በአንድ ፈረንሳዊ አስተዳዳሪ ቤት ይካሄዳል። ደ ባንኮሌ ፕሮቴ የተባለውን የቤት አገልጋይ ይጫወታል። ማዕድ ያቀርባል፣ ፍራንስ የተባለችውን ሕፃን ያጫውታል፣ እመቤቲቱ ኤሜ ስታዘውም ቀሚሷን ከኋላ ይቆልፋል። በመስተዋቱ ውስጥ ዐይን ለዐይን የሚገጣጠሙበት ቅጽበት ብዙ ተብሎለታል። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ የገላ መታጠቢያው ትዕይንት ነው። ፕሮቴ ደጅ ባለው የአገልጋዮች መታጠቢያ ውኃ እያፈሰሰ ሳለ እናትና ልጅ ወደ ቤት ሲመለሱ ይሰማል፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ በክርኑ እየመታው ያለቅሳል። ዝምታው እዚህ ጋ የጭምትነት ምልክት መሆኑ ያበቃል። የቤቱ ሕግ ነው፤ ሰውየው እንዲታይ እንጂ እንዲሰማ አልተፈቀደለትም። የተጫነ ዝምታን ከጨዋነት ለይቶ ማሳየት ከባድ ነው፤ ደ ባንኮሌ ሁለቱን በአንድ ገላ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍነው ያሳየናል። ኋላ ኤሜ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሩን ስትነካው፣ ይዞ ብድግ አድርጎ ያቆማትና ትቷት ይሄዳል። ያለ አንዲት ቃል የተነገረ እምቢታ ነው፤ ቅጣቱም አይዘገይም፣ ከቤት ወጥቶ ወደ ጋራዥ ይዛወራል። እዚያም የጋለ ቧንቧ በእጁ ይጨብጣል፤ ሕፃኗም ያቃጥል እንደሆነ ጠይቃ፣ እሱን አይታ ስትነካው ትቃጠላለች። ደኒ ተመልካቿን የሚያጽናና ደግ አሽከር አልሰጠችም፤ ምስጋና ይግባት።

እንግዲህ ለምን አላስቀደምኩትም? ፊልሙ የፍራንስ ትዝታ ስለሆነ ነው። አድጋ ወደ ካሜሩን የተመለሰችው ነጭ ሴት የምታስታውሰውን ያህል ብቻ እናያለን፤ ፕሮቴ የሚታየን በቤቱ መስኮት በኩል ነው። ይህ ደኒ ሆን ብላ የወሰነችው ውሳኔ ነው፤ ሐቀኛ ውሳኔም ነው። ሆኖም ተዋናዩ ሊደርስበት የሚችለውን ወሰን አጥብቦታል።

«ዘ ሊሚትስ ኦፍ ኮንትሮል» በተቃራኒው ፊልሙን በሙሉ ለደ ባንኮሌ ያስረክባል። ስም የለሹ ነፍሰ ገዳይ ስፔን ውስጥ ከከተማ ከተማ ይጓዛል፣ በሁለት ስኒ ሁለት ኤስፕሬሶ ያዛል፣ የክብሪት ቀፎ ይለዋወጣል፣ የሚያገኛቸውን ሰዎች ወግ ሳይመልስ ያዳምጣል። የክሪስቶፈር ዶይል ካሜራ ልብሱንና ጉንጩን እንደ ሐውልት ያጠናል። ከስክሪን የማይጠፋበት ትልቁ ሚናው ይህ ነው፤ ብዙዎች የሚጠቅሱትም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን የፕሮቴ ዝምታ የሚጫነው ኃይል ነበረው፤ የዚህኛው ዝምታ ስልት ብቻ ነው። ጃርሙሽ ተዋናዩን ከማሠራት ይልቅ አቆመው። (በዚያው ዓመት በወጣው የደኒ «ዋይት ማቴሪያል» ደ ባንኮሌ «ቦክሰኛው» የተባለ የቆሰለ የአማፂ መሪ ሆኗል፤ በጃርሙሽ ፊልም የሚዞሩት የክብሪት ቀፎዎችም የቦክሰኛ ምልክት አለባቸው።)

የዝምታው ሙገሳ የሚረሳው ሌላ ሰው ደግሞ አለ፦ ለፍላፊው ደ ባንኮሌ። በፈረንሳይ የሴዛር ሽልማት የተስፋ ሰጪ ተዋናይነት ክብር ያገኘው በ1986ቱ አስቂኝ ፊልም «ብላክ ሚክማክ» ነበር። በ«ናይት ኦን ኧርዝ» (1991) የፓሪሱ ታክሲ ሹፌር ሲሆን፣ በትውልድ አገሩ የተሳለቁበትን የአፍሪካ ዲፕሎማቶች ከመኪናው ያወርዳል፤ ቀጥሎ የጫናትን ዐይነ ስውር ሴት ግን በማይገባ ጥያቄ ያሰለቻታል። የተናቀው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ሲዳፈር እናያለን፤ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዱ ወገኖች ያሉት አንባቢ ይህን ክፍል በሌላ ስሜት ሳያየው አይቀርም። በ«ጎስት ዶግ» (1999) ከፈረንሳይኛ ሌላ የማያውቅ አይስክሬም ሻጭ ነው፤ ከማይግባባው ወዳጁ ጋር ሁለቱም አንዱን ነገር በየቋንቋቸው ይደግሙታል። ሳቁ የሚመጣው ከደ ባንኮሌ ፍጥነትና ከማይሰበር ደስታው ነው።

«ሳን ፉ ላ ሞር» እነዚህን ሁለት ተሰጥኦዎች በአንድ ሰው ያገናኛል። ርዕሱ ሞትን ከቁብ የማይቆጥር ማለት ነው፤ የአንድ ተዋጊ አውራ ዶሮ ስም ነው። ዳ የተባለው የቤኒን ሰው (ደ ባንኮሌ) እና ከፈረንሳይ ካሪቢያን ደሴቶች የመጣው ጆስሊን (አሌክስ ዴስካ) በፓሪስ ዳርቻ፣ በረንጂስ፣ ለአንድ ነጭ ነጋዴ ሕገ ወጥ የዶሮ ፍልሚያ ያዘጋጃሉ። ጆስሊን ዶሮዎቹን ያሠለጥናል፤ ዳ ይደራደራል፣ ገንዘብ ይቆጥራል፣ ታሪኩንም በራሱ ድምፅ ይተርክልናል። በ«ሾኮላ» በሌላ ሰው ትዝታ ውስጥ የታሰረው ተዋናይ እዚህ አስታዋሹ እሱ ራሱ ሆኗል። ድምፁ የሒሳብ ሰው ድምፅ ነው፤ ደረቅ፣ ስሜቱን የማያባክን። ነጋዴው በዶሮዎቹ እግር ላይ ስለት ይታሰር ሲል ጆስሊን በዐይናችን ፊት ይፈርሳል፤ ዳ ደግሞ ንግዱ እንዳይቆም አሁንም ይደራደራል። ይህን አሳፋሪ ብልሃት ደ ባንኮሌ ሊያስወድደው አይሞክርም። ጆስሊን ተገድሎ ሬሳውን ሲያጥብ ዳ እያናገረው ነው፤ ሲደራደርበት የኖረው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይሸጥ ነገር ያወራል።

ፊልሙ የዴስካ ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። እውነት ነው፤ የሚሰበረው፣ የሚሰክረው፣ የሚሞተው ዴስካ ነው፤ ዐይንም ወደ እሱ ይሄዳል። ግን ጆስሊን ሲፈርስ የምናየው በዳ ዐይን፣ የምንሰማውም በዳ አንደበት ስለሆነ፣ የአንደኛው ትወና በሌላኛው ላይ ቆሟል። ደኒ በ«ዋይት ማቴሪያል» ደ ባንኮሌን እንደገና አስተኝታ ዝም አሰኝታዋለች፤ አድናቂዎቹም ያንን ሚና በደስታ ከዝምታው መዝገብ ጨምረውታል። እኔ ከ«ሾኮላ» ቀጥሎ በሦስተኛነት አኖረዋለሁ፤ ያውም ከታክሲው ሹፌር ጋር እያመነታሁ። በ«ካሲኖ ሮያል» (2006) እና በ«ብላክ ፓንተር» (2018) ያሉት አጫጭር ሚናዎች ፊቱን ለዓለም ያስተዋወቁ ቢሆኑም ለዚህ ክርክር የሚጨምሩት የለም።